ከጣርማ በር በላይና በታች፦ የውድድር ሊድ አሲድ ባትሪ ቆሞ ሲከርም በምን ቻርጅ ይያዝ?

ለውድድር የተሠራ ባትሪ ሩጫ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ጥቂት ነው። የድራግ ሩጫ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ የሚደረገው የፍጥነት ውድድር) በሰከንዶች ያልቃል፤ የጽናት የሚባለውም ቢበዛ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ከዚያ ባትሪውን የተሸከመው የኤሌክትሪክ ካርት፣ ማለትም ትንሿ የውድድር መኪና፣ ጋራዥ ጥግ ይገባል፤ ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴም ክረምቱ እስኪወጣ ይቆማል። አብዛኛው ባትሪ የሚሞተው እዚያ ጥግ ነው፦ ወይ ማንም ሳያስታውሰው ኃይሉ ተንጠፍጥፎ፣ ወይ ደግሞ ከመጠን በላይ ታስቦለት ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ተቀቅሎ።

በዚህ የቆይታ ጊዜ ባትሪን ለመያዝ አምስት ያህል መንገዶች አሉ። ነቅሎ አስቀምጦ በየወሩ መሙላት አንዱ ነው። ጥቅሉን (አንድ ላይ የተያያዙትን ባትሪዎች) በሙሉ በአንድ ቻርጀር ፍሎት ላይ፣ ማለትም የሞላውን ባትሪ ሙሉ አድርጎ በሚያቆይ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ላይ መተው፣ ለእያንዳንዱ ባትሪ የራሱን ትንሽ ቻርጀር መስጠት፣ ትልቁን ቻርጀር ከኢኳላይዘር (የባትሪዎችን ቮልቴጅ ከሚያመጣጥን መሣሪያ) ጋር ማጣመር፣ እና በሶላር መያዝ ሌሎቹ ናቸው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚኖር ሰው ምርጫውን የሚወስነው ዋናው ጥያቄ ጋራዡ ደጋውን ከቆላው ከሚለየው ከጣርማ በር በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ከሆናችሁና ጥቅሉ ድራይ ባትሪ (ውሃ የማይጨመርበት) ከሆነ፣ ነቅላችሁ አስቀምጡት፤ በየወሩም ሙሉት። ሸዋ ሮቢት ወይም ከዚያ በታች ያለው ቆላ ላይ ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ ባትሪ ሙቀት እያየ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ቻርጀር ግዙ። የሙቀት መለኪያ የሌለውን አንድ ርካሽ የጥቅል ቻርጀር ሰክቶ መሄድን ግን የትም ብትሆኑ አልመክርም።

ሊቲየም ባትሪ እያለ ሊድ (የእርሳስ ባትሪ) ለምን የሚል አይጠፋም። ሊድ በየከተማው ይገኛል፣ ዋጋው ይቀመሳል፣ ሲበላሽም እንደ ሊቲየም በቀላሉ ቤት አያቃጥልም፤ ለጀማሪ ከዚህ በላይ ምክንያት አያስፈልግም። ታሪክም አለው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው የመንገድ ተሽከርካሪ፣ ካሚይ ጀናትዚ እ.ኤ.አ. በ1899 በ105.88 ኪሎ ሜትር የነዳው መኪና፣ በሊድ አሲድ ባትሪ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ዌይላንድ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ዳትሰን 1200 መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ድራግ ትራክ ላይ ስም ያስገኘለት በሊድ ባትሪዎች ነው፤ ወደ ሊቲየም የተሻገረው በኋላ ነው። በእንግሊዝ የግሪንፓወር የትምህርት ቤት ውድድር መኪኖች በሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሮጣሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ለከፍታው ደንታ የለውም።

ፍሎት ምን ያደርጋል?

12 ቮልት የምንለው ባትሪ ውስጥ ስድስት ሴሎች አሉ። ሙሉ ሆኖ፣ ከቻርጀር ተነቅሎ፣ አንድ ሌሊት ካረፈ በኋላ የውሃ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት፣ ኤጂኤም የሚባለው ድራይ ባትሪ ደግሞ ከ12.8 እስከ 12.9 ቮልት ያነብባል። ባለ ደረጃ ቻርጀር መጀመሪያ ባለው አምፔር ይገፋል፣ ቀጥሎ ከ14.4 እስከ 14.8 ቮልት ላይ ይዞ የቀረውን ይሞላል፣ በመጨረሻ ወደ 13.6 አካባቢ ይወርዳል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ፍሎት ነው። ሥራው መሙላት አይደለም፤ ባትሪው በራሱ ጊዜ የሚያጣውን ያህል ብቻ መተካት ነው።

መንገዱ ጠባብ ነው። ፍሎቱ ሲበዛ የፖዘቲቭ ሰሌዳው ዝገት ይፈጥናል፣ ውሃው ይተናል። የውሃ ባትሪ ከሆነ ትሞሉለታላችሁ፤ ድራይ ባትሪ ግን አንዴ ከደረቀ አበቃለት። ፍሎቱ ሲያንስ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የተቀመጠው የሊድ ሰልፌት ቀስ እያለ ወደ ጠንካራ ክሪስታል ይለወጣል፤ እንዲህ የሆነ ባትሪ ቮልቴጁ ደህና መስሎ ሳለ ጋዝ ስትረግጡ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ነው ከፍታው የሚገባው። የባትሪ ፋብሪካዎች የፍሎት ቁጥራቸውን የሚሰጡት ለ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች ለወረደ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሴል 3 ሚሊቮልት ገደማ ይጨመራል፤ በአንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 18 ሚሊቮልት ማለት ነው። ከ25 በላይ ሲሆን በተመሳሳይ ይቀነሳል። በ25 ዲግሪ 13.6 የሆነው ፍሎት፣ በኅዳር 10 ዲግሪ ላይ በተቀመጠ የደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ 13.87 መሆን አለበት። ሸዋ ሮቢት 33 ዲግሪ ባለበት ቀን ደግሞ 13.46 ይሆናል። በመኪና ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ከተሞች መካከል የ0.4 ቮልት ልዩነት አለ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በባትሪ መድረቅና በባትሪ ሰልፌት መካከል ያለው ርቀት ራሱ ከዚህ ብዙም አይሰፋም። ቋሚ ቮልቴጅ የሚሰጥ ቻርጀር ለአንዱ ከተማ ትክክል ቢሆን እንኳ ለሌላው ስህተት ነው።

ሙቀቱ ራሱን ችሎም ይጎዳል። በልምድ የሚታወቀው ሕግ፣ በአማካይ በየ8 እስከ 10 ዲግሪ ጭማሪ የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚለው ነው። ስለዚህ ቆላ ያለ ሰው ዘመድ ደጋ ላይ ካለው፣ ሩጫ በሌለበት ወራት ባትሪውን እሱ ጋ ማቆየት ቀልድ አይደለም።

ነቅሎ ማስቀመጥ

ይህን መንገድ ሰዎች የሰነፍ ዘዴ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ለደጋ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው። ጥሩ ኤጂኤም በ20 ዲግሪ አካባቢ በወር የሚያጣው ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ሲበርድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ደብረ ብርሃን ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ ባትሪ ወር ቆይቶ ብታዩት ቮልቴጁ ምንም ያልሆነ ያህል ነው። ቻርጀር አልተሰካም፣ መብራት ቢጠፋ ቢመጣ አይመለከተውም፣ የሚደርቅ ነገር የለም። በወር አንድ ቀን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ትነቅላላችሁ። በመሃል በቴስተር (በቮልቴጅ መለኪያ) ስትለኩት ኤጂኤሙ ከ12.6 በታች ከወረደ ወሩን አትጠብቁ።

ሁለት ነገር ግን ካልተጠበቀ ይህ ዘዴ ከሁሉም የከፋ ይሆናል። አንደኛው ውድድሩ እንዳለቀ፣ በዚያው ቀን መሙላት ነው። ባዶ ባትሪ ይዞ ወደ ቤት ገብቶ "ሰኞ እሞላዋለሁ" የሚባል ነገር የለም፤ ሰልፌቱ የሚጠነክረው ባዶ በቆመበት ሰዓት ልክ ነው። ሁለተኛው፣ ነቀልኩ ስትሉ በእውነት መነቀሉ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ኮንትሮለሩ (የሞተሩ መቆጣጠሪያ)፣ የቮልቴጅ ማሳያው፣ የጥቅሉን 72 ቮልት ወደ 12 ቮልት የሚያወርደው መቀየሪያ ጠፍተውም ይጠጣሉ። 50 ሚሊአምፔር ብቻ ቢጠጡ በቀን 1.2፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 40 አምፔር ሰዓት ጥቅል በወር ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ሞርሴቶውን (የባትሪውን ጫፍ የሚይዘውን ማሰሪያ) ፈትታችሁ ገመዱን በፕላስቲክ ጠቅልሉት።

ደጋ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው። ሙሉ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪን አልፎም አይቀዘቅዝም፤ የመሐል ሜዳ ውርጭ ምንም አያደርገውም። ባዶው ግን ከዜሮ በታች 8 እና 10 አካባቢ በረዶ ሊሠራና ሊሰነጠቅ ይችላል። ሌላው የተለመደ ወሬ ሲሚንቶ ወለል ባትሪን ይጠጣል የሚለው ነው። በፕላስቲክ ሣጥን የሚሠራ ባትሪ ላይ ይህ አይሠራም፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ጣውላ ለውበት ይሁን።

የውሃ ባትሪ ከሆነ ሂሳቡ ይለወጣል። በወር 5 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚያጣ በየወሩ ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ መጎብኘት አለበት። ቆላ ላይ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የራስ ፍሳሹ እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ነቅሎ ማስቀመጥ ብዙ ክትትል የሚጠይቅ ሥራ ይሆናል።

አንድ ቻርጀር ለጥቅሉ በሙሉ

ስድስት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ 72 ቮልት ሆኗል እንበል። አንድ ባለ 72 ቮልት ቻርጀር፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ሶኬት። ምቾቱ ግልጽ ነው፤ ብዙዎቹ የተዘጋጁ የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግሮችም እንዲህ ነው የሚሞሉት። ፍሎቱ ስድስት ጊዜ 13.6፣ 81.6 ቮልት ይሆናል። ቴስተራችሁን ጫፍና ጫፉ ላይ ስታደርጉ 81.6 ካያችሁ ሁሉም ሰላም ይመስላል።

አሁን ቴስተሩን በየአንዳንዱ ባትሪ ላይ አውርዱት። 13.9፣ 13.8፣ 13.9፣ 13.8፣ 13.1፣ 13.1። ደምሩት፦ 81.6 ነው። ቻርጀሩ ድምሩን ብቻ ስለሚያይ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። አራቱ ባትሪዎች ግን ለሞቀ ጋራዥ በበዛ ቮልቴጅ እየደረቁ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ሳይሞሉ ሰልፌት እየሠሩ ነው። ወር በቆየ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ቀጣዩ ሩጫ ላይ ሁለቱ ቀድመው ይወድቃሉ፤ ሌሎቹ ግን ገና ጉልበት ስላላቸው እየገፉ ደካሞቹን ከዜሮ በታች አውርደው፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቫቸውን አዙረው ይሰብሯቸዋል። የውድድር ጥቅል የሚሞትበት የተለመደው መንገድ ይህ ነው።

የባሰው ሴል ሲሾርት ነው። ከ36 ሴሎች አንዷ ብትሾርት ቻርጀሩ ያንኑ 81.6 በቀሩት 35 ላይ ያካፍላል። በፍሎት እያንዳንዱ ደህና ባትሪ ወደ 14 ቮልት ይወጣል፤ ቀን ከሌት። ወደ ሙሌት ደረጃ ሲገባ ደግሞ 88.2 (ስድስት ጊዜ 14.7) ለ35 ሴሎች ሲካፈል እያንዳንዱ ደህና ባለ ስድስት ሴል ባትሪ 15.1 ቮልት ይቀምሳል። ድራይ ባትሪ ይሞቃል፣ የሞቀ ባትሪ የበለጠ አምፔር ይጎትታል፣ የበለጠ ይሞቃል። ሣጥኑ ሲነፋ ያየ ሰው ከዚህ በኋላ ጥቅል ቻርጀር ሰክቶ አገር አይለቅም።

ይህን መንገድ የግድ የምትጠቀሙ ከሆነ ማቆያ አታድርጉት። ከሩጫ በኋላ ለመሙላት ተጠቀሙበት፣ ሲጨርስ ንቀሉ፣ በየጊዜውም ስድስቱንም ለየብቻ ለኩ። በመካከላቸው ከ0.2 ቮልት በላይ ልዩነት ካያችሁ ዝቅ ያለውን ብቻ ነጥላችሁ በ12 ቮልት ቻርጀር ሙሉት።

ለእያንዳንዱ የራሱ

ስድስት ባትሪ፣ ስድስት ትንንሽ ቻርጀር። ሰው የሚሸሸው ወጪውንና የገመዱን ብዛት አይቶ ነው። ግን ለውድድር ጥቅል ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ባትሪ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል፣ ሚዛኑ በራሱ ይጠበቃል፣ አንዱ ባትሪ ቢታመም መብራቱ አረንጓዴ አልሆን ሲል ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ቻርጀር ቢቃጠል አምስቱ ይቀጥላሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፍተሻ ግዴታ ነው። ባትሪዎቹ በተከታታይ እንደተያያዙ ስለሚሞሉ፣ የቻርጀሮቹ መውጫ ከግድግዳው መሬት ገመድ ጋር መገናኘት የለበትም። ቻርጀሩን ምንም ነገር ላይ ሳትሰኩ ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በሶኬቱ የመሬት ምላስ ላይ፣ ሌላውን በጥቁሩ የመውጫ ገመድ ላይ፣ ከዚያም በቀዩ ላይ። ከጮኸ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለሻጩ መልሱለት። እንዲህ ያሉ ሁለት ቻርጀሮች በአንድ ጥቅል ላይ ሲሰኩ በመካከላቸው ያሉት ባትሪዎች በመሬት ገመድ በኩል ሾርት ይሆናሉ። ትራንስፎርመር የሌላቸውን በጣም ርካሾቹንም ከዚሁ መደብ አስወግዱ።

ስንት አምፔር? ለማቆየት ብቻ 1 ወይም 2 አምፔር ይበቃል። ከሩጫ የተመለሰ ባለ 40 አምፔር ሰዓት ባትሪን በ2 አምፔር ለመሙላት ግን ሌሊቱ አይበቃም። ሁለቱንም ሥራ በአንዱ ልሥራ ካላችሁ 4 ወይም 5 አምፔር ያለውን፣ "ኤጂኤም" እና "የውሃ" የሚል መምረጫ ያለውንና የሙቀት መለኪያ ሽቦው እስከ ባትሪው የሚደርሰውን ፈልጉ። መለኪያው ቻርጀሩ ሆድ ውስጥ ከሆነ የሚለካው የራሱን ሙቀት ነው። በእያንዳንዱ ቀይ ገመድ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ፊውዝ ይግባበት።

ኢኳላይዘርና ሌሎች

በሁለት ባትሪዎች መካከል የሚታሰር፣ ከፍ ካለው ወስዶ ዝቅ ወዳለው የሚያሻግር ኢኳላይዘር በሶላር ዕቃ ሱቆች ይገኛል። ከጥቅል ቻርጀር ጋር ሲጣመር ከላይ ያየነውን የ13.9 እና 13.1 ችግር ያቃልላል። የሚያሻግረው አምፔር ጥቂት ስለሆነ የተሾርተ ሴል አያድንም፤ ከቻርጀር ተነቅሎ በቆመ ጥቅል ላይ ከተተወም ራሱ ትንሽ ይጠጣል። ጥቅል ቻርጀሩን ቀድሞ ለገዛ ሰው መካከለኛ መፍትሔ ነው፤ ከባዶ ለሚጀምር ግን ያንኑ ገንዘብ ለትንንሽ ቻርጀሮች ማዋሉ ይሻላል።

በኤሌክትሪክ ምት ሰልፌት ያጠፋል ስለሚባለው መሣሪያ ብዙ ይወራል። ባትሪውን በዕለቱ ሞልቶ ያስቀመጠ ሰው አያስፈልገውም፤ ለወራት ባዶ የቆመውን ደግሞ ለውድድር አያበቃውም።

ባትሪ ቻርጅ የሚያደርጉ ቤቶችስ?

"ጋሼ፣ ለነገ ጠዋት ይደርስልኛል?"

"ምን ችግር አለው ልጄ፣ 30 አምፔር እለቅበታለሁ።"

ለጭነት መኪና ባትሪ ይህ የዘወትር ሥራ ነው። ለውድድር ኤጂኤም አስጊው አምፔሩ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ኤጂኤም ብዙ አምፔር በደስታ ይቀበላል። አስጊው 14.7 ቮልት ሲደርስ የሚያቆመው አለመኖሩ ነው። ቆማችሁ ቴስተር ይዛችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ይሁን፤ ጥላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይቅር።

መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ

የውጭ መመሪያዎች "ዘመናዊ ቻርጀር ግዛ፣ ሰክተህ እርሳው" ይላሉ። መብራት በማይጠፋበት አገር ለተጻፈ እውነት ነው። እዚህ ግን ብዙው ባለ ደረጃ ቻርጀር መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ባትሪው ባዶ ነው ብሎ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ 14.7 ላይ ወጥቶ ሰዓት ቆጥሮ ነው ወደ ፍሎት የሚወርደው። በቀን ሦስቴ ከጠፋ ሙሉው ባትሪ ቀኑን አብዛኛውን በሙሌት ቮልቴጅ ላይ ያሳልፋል። ፍሎት ላይ ነው ብላችሁ የተማመናችሁበት ባትሪ በተግባር ፍሎት አይቶ አያውቅም።

ቻርጀራችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ባትሪው ሞልቶ ፍሎት ላይ እያለ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት፣ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ይዛችሁ ሰዓት እዩ። ወደ 14 ዘልሎ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 13.6 ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ ባትሪው ሙሉ መሆኑን በአምፔሩ አይቶ አውቋል ማለት ነው። ሰዓትና ከዚያ በላይ እዚያው ከቆየ ግን በመቁጠሪያ የሚሠራ ነውና መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለማቆያ አይሆንም። እሱን በሳምንት አንድ ቀን ሰክታችሁ ሲጨርስ ንቀሉት።

ሌላው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። ቮልቴጁን የሚቆጣጠር ነገር የሌለው ተራ የትራንስፎርመር ቻርጀር የግድግዳውን መብራት ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። በ220 ቮልት 13.6 የሚሰጠው፣ ሌሊት ሰፈሩ ተኝቶ መብራቱ 240 ሲደርስ 14.8 ይሰጣል። በዚህ ቻርጀር ፍሎት ማድረግ አይቻልም።

ሶላር

መብራት ባልደረሰበት ወይም ብዙ በሚጠፋበት የመንዝ ገጠር ሶላር ከሁሉም የሚሻል ማቆያ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ20 እስከ 50 ዋት ፓነል ለፍሎት ይተርፋል፤ ማታ ማታ እረፍት ስለሚያገኝም ባትሪው አይቀቀልም። ከሩጫ የተመለሰ ባትሪን ለመሙላት ግን አይበቃም፤ ጥቅሉ ሞልቶ ነው ለፓነሉ የሚሰጠው። እንዲህ ከሆነ የሐምሌና የነሐሴ ደመናም አያሳስብም፤ የሚተካው የራስ ፍሳሹን ብቻ ነውና። የሶላሩ ኮንትሮለር (የፓነሉን ቻርጅ የሚቆጣጠረው) ላይ የተመረጠው የባትሪ ዓይነት ሊድ እንጂ ሊቲየም አለመሆኑን እዩ። ደግሞ ብዙው ርካሽ ኮንትሮለር ሙቀት የሚለካው በራሱ ሆድ ነው፤ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁት ባትሪው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካለ፣ ቆላ ያለ መስሎት ቮልቴጁን ይቀንሳል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይሁኑ።

የትም ብትይዙት

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ የከሰል ማንደጃ የማይገባበት ክፍል ጥቂት ነው። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ በክፍሉ አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንድ ፍም ይፈነዳል። ፍሎት ላይ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ሙሌት ላይ፣ በተለይ የውሃ ባትሪ ሲሆን፣ ብዙ ነው። ባትሪና ማንደጃ አንድ ክፍል አይግቡ፤ ቻርጅ የሚደረግበት ክፍል መስኮትም ለብርድ ተብሎ አይደፈን።

72 ቮልት ዲሲ ቀልድ የለውም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ቁልፉን እጀታው ድረስ በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ከመሥራታችሁ በፊት የመሃሉን ገመድ ፈትታችሁ ጥቅሉን ለሁለት ክፈሉት።

የውሃ ባትሪ ላይ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም፣ የምንጭም፣ አሲድም አይደለም። ሰሌዳው ካልተጋለጠ በቀር ከቻርጅ በኋላ ነው የሚጨመረው፤ ሲሞላ ከፍ ስለሚል ቀድሞ የተጨመረው ይፈሳል። ሃይድሮሜትር (አሲዱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ከቮልቴጅ ይልቅ እሱን እመኑ፦ 1.265 እና በላይ ሙሉ ነው፣ 1.19 አካባቢ ግማሽ ነው። ሞርሴቶውን አጽዱ፣ አጥብቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ። የላላ ሞርሴቶ በ300 አምፔር ሩጫ ላይ ራሱን ያቀልጣል።

ከሩጫው በፊት ባለው ሌሊት ደጋ ላይ ያላችሁ አንድ ሥራ ይጨመርባችኋል። 10 ዲግሪ የሆነ ባትሪ በ25 ዲግሪ ከሚሰጠው 85 በመቶ ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ውስጣዊ መቋቋሙም ይጨምራል፤ ስትረግጡ ቮልቴጁ ይሰምጣል። ስለዚህ ለማቆየት ብርዱ ወዳጅ ቢሆንም ለመሮጥ ጠላት ነው። ባትሪውን ከዋዜማው ጀምሮ ፍም በሌለበት ሞቅ ያለ ክፍል አሳድሩት፣ ቻርጁም መነሻው ሰዓት አካባቢ እንዲያልቅ አድርጉ።

ከስድስቱ አንዱ ሲሞት ምን ይገዛ የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጥቅሉ ገና ወራት ያስቆጠረ ከሆነ ተመሳሳይ ሞዴልና ተቀራራቢ የምርት ቀን ያለው አንድ ባትሪ ተክታችሁ፣ ሁሉንም ለየብቻ ሞልታችሁ ቀጥሉ። ሁለት ሦስት ዓመት ከሮጠ ግን አዲሱን ከአሮጌዎቹ ጋር አትቀላቅሉ። በጥቅል ቻርጀር ላይ አሮጌዎቹ አዲሱን በወራት ውስጥ ወደ ራሳቸው ደረጃ ያወርዱታል። ከአምስቱ ደህና የሆኑትን ለቤት መብራት ወይም ለሶላር አውጥታችሁ፣ ለካርቱ ስድስቱንም በአንድ ቀን ግዙ፤ የግዢውን ቀንና በዚያን ዕለት ያነበባችሁትን ቮልቴጅም በማይጠፋ ማርከር በየጎናቸው ጻፉ።